አባቷ ቃል የሰጡበት ሩጫ

ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለያይኔአበባ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እዚህ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንን፤ ለቸሩ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። እናትሽ እናኑ ደህና ናት። ላሟ ወልዳለች። በቆሎውን ፈልፍለን አስገብተናል።

«አባባ ምነው ዝም አሉኝ?» ብለሽ በሹፌሩ በደረሰ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው፤ ይኸው ነገርኩሽ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ከረመ እንጂ ስልክ ቢሠራ ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ጆሮሽን ባደነቆርኩት ነበር።

ቅዳሜ የበዓታ ማኅበር ነበረን፤ በመሪጌታ ወንዳወቅ ቤት። ጸሎቱ አልቆ፣ ቀምሰን ጠጥተን ስንጫወት አንዱ «ዝም በሉ! የያይኔአበባ ስም ተነሣ!» ብሎ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና። እኔ ሞኙ ደግሞ አሸነፈች ሊል ነው ብዬ ጋቢዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ። ያ ስመኘው የሚባለው የስፖርት ጋዜጠኛ፣ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያይኔአበባ አስናቀው ካለፈው እሁድ አገር አቋራጭ ሩጫ በጉዳት ቀረች ተብለናል። ጉዳቱ እግሯ ላይ ነው ወይስ ልቧ ላይ? ዘንድሮ አትሌቶቻችን ትንሽ ሲጠግቡ ጉዳት ይበዛባቸዋል። የድሮዎቹ እያነከሱ ይጨርሱ ነበር።» አብሮት ያለውም ከት ብሎ ሳቀ። ማኅበርተኛው አልሳቀም። አንድም ሰው ግን ቀና ብሎ አላየኝም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከፋው።

ግራ የገባኝ ምን መሰለሽ? ለገና በላክሽው ደብዳቤ «እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» ብለሽ በገዛ እጅሽ ጽፈሻል። አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ደህና ከሆንሽ ለምን አልሮጥሽም? ሰውየው ዋሽቶ ከሆነ ንገሪኝና የት አባቱ! እውነቱን ከሆነም ንገሪኝ፤ አንገቴን የደፋሁበትን ምክንያት ልወቀው።

እናትሽ በሶ ልካለች። ለብቻሽ እንዳትበዪው፣ ለዚያች አብራሽ ለምትኖረው ለሊበኗ ልጅ ለዓባይነሽ ስጪያት ብላለች።

አባትሽ አስናቀው


አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል አባባ? እማዬስ እንደምን አለች? እኔ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ላሟ ደስ ብሎኛል፤ ጥጃው ወንድ ይሁን ሴት ግን አልጻፉልኝም።

ደረሰ ነገ በጠዋት ስለሚመለስ አሳጥሬ ነው የምጽፈው። ስመኘው ያለውን እኔም ሰምቼዋለሁ። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እሱ ያለውን ቆርጠው ፌስቡክ ላይ ለቀውት ሰው ሁሉ ከሥሩ የሚጽፈውን ቢያዩ... አያዩም፤ ባያዩም ተመስገን ነው። ስልኬን ዘግቼ ለዓባይነሽ ሰጥቻታለሁ፤ እስክትረጋጊ አልሰጥሽም ብላ ደብቃዋለች።

የጠየቁኝን በተመለከተ፣ ቅልጥሜን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር። ሐኪሟ ረፍት አድርጊ አለችኝ፣ አደረግሁ። ሌላውን ስመጣ በአካል እነግርዎታለሁ። አባባ፣ በስመኘው አይናደዱ። እሱ በየሳምንቱ አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ያገኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት። ለማንም ምንም እንዳይናገሩ። ሽማግሌ መላክ የሚባል ነገር ደግሞ በጭራሽ እንዳያስቡ! አውቅዎታለሁ እኮ፤ የጎረቤት ዶሮ ቢጣላ ሽማግሌ ሳይልኩ እንቅልፍ አይወስድዎትም።

ልጅዎ ያይኔአበባ


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለያይኔ፤

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ጥጃዋ ሴት ናት።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከጥምቀት በኋላ ነው። ደረሰ መኪናው ደብረ ማርቆስ ላይ ተበላሽቶበት ሰንብቶ ነው የመጣው። ስለዚህ የለመንሽኝን ነገር በጊዜው አላየሁትም፤ ይኸንን አስቀድሜ ልንገርሽ።

ጥምቀትን ፍኖተ ሰላም ዋልኩ። ለምን ሄዱ አትበይኝ፤ ጉዳይ ነበረኝ። ታቦታቱ ሲገቡ ማየት ነበረብሽ። ባጃጁ ሁሉ በሰንደቅ ዓላማ ተሸላልሞ፣ የጋሪ ፈረሶቹ እንኳ በባለቀለም ዘንፈል አጊጠው፣ ዋና መንገዱ መሄጃ አልነበረውም። መሪጌታም አብረውኝ ነበሩ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግን ለአንቺ ሲሉ መጡ።

ለማንኛውም ነገሩ አልቋል። ስመኘው ከእንግዲህ ክፉ አይናገርብሽም። ለካ ጨዋ ልጅ ነው፤ እናቱንም አውቃቸዋለሁ፣ ደግ ሰው ናቸው። አሁን አንቺ ልብሽን ሰብስበሽ ለመጋቢቱ ሻምፒዮና ተዘጋጂ። እዚያ እንዳታሳፍሪን። ቅልጥምሽም ቢሆን ረፍት አደረግሁ ብለሽኛል፤ ካረፈ ተሻለው ማለት ነው።

ስለ ፍኖተ ሰላሙ ጉዳይ ብዙ አትጠይቂኝ። ሽማግሌ ያየውን ሁሉ አይጽፍም።

አባትሽ አስናቀው


አዲስ አበባ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

ሰላምታ መዝለሌን ይቅር ይበሉኝ። የጻፉልኝ ትናንት ደረሰኝ። ድምፅዎ ግን ቀድሞት ነው የመጣው።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ነበርን፤ ክለቡ በሙሉ። ሬዲዮኑ ሁልጊዜም ክፍት ነው። ስመኘው «ዛሬ አንድ የሚያስለቅስ ነገር አሰማችኋለሁ» ሲል ማንም ልብ አላለውም። ከዚያ የመሪጌታ ወንዳወቅ ድምፅ መጣ። «ልጃችን አጥፍታለች። ልጅነት ነው፤ ይቅር በላት። በመጋቢቱ ትሮጣለች፤ በእመቤታችን ስም ቃል እንሰጥሃለን።» ቀጥሎ እርስዎ፦ «አዎ፣ ትሮጣለች። እኔ አባቷ ቃል ሰጥቻለሁ።» ስመኘው ደግሞ አባቷ ድንጋይ ተሸክመው ደጃፌ ላይ ተንበረከኩ ብሎ ለአገር ተረከ። በመጨረሻ «ለአባቷ በጻፈችው ደብዳቤ ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም ብላለች፤ አባቷ አሳይተውኛል» አለ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ወጣሁ።

አባባ፣ ለአባትና ለእናት አመመኝ ተብሎ ይጻፋል? ማን አስተማረኝ? አያቴ ያረፉ ጊዜ ውድድሬን እስክጨርስ ድረስ «ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል» እያላችሁ ስትጽፉልኝ አልነበረም? እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ደህና ነኝ ያልኩትን ወስደው ለእሱ ያሳዩት!

እንግዲህ እውነቱን ልጻፍልዎ። የቀኝ እግሬ አጥንት ተሰንጥቋል። ሐኪሟ ፎቶውን አሳየችኝ፤ ፀጉር የምታህል መስመር ናት፣ ቅልጥሜ ላይ። ካሳረፍሽው ይገጥማል፣ ከሮጥሽበት ግን ለሁለት ይሰበራል፣ ያን ጊዜ ሩጫን እርሺው አለችኝ። እስከ ፋሲካ እንዳልሮጥ ነው የነገረችኝ። አሠልጣኙም ያውቃል። ክለቡ ለሬዲዮው በወረቀት ጽፎ ሰጥቶ ነበር፤ «ጉዳት» የምትለዋን ቃል አንብበው ሳቁባት።

አሁን ያላጠፋሁትን አጥፍታለች ብላችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁልኝ። እስካሁን የሚጠራጠር ሰው ካለ እንኳ የገዛ አባቷ መሰከረ ይላል። ምን ልበልዎ? አልቅሼ ሲወጣልኝ ያሰብኩትን ልንገርዎ። እሮጣለሁ። በእመቤታችን ስም የሰጡት ቃል መሬት ወድቆ ከማይ እግሬ ይሰበር።

ያይኔአበባ


ቡሬ ዙሪያ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፤ የዓይኔ አበባ፤

አትሩጪ። ሌላውን ሳታነቢ ይኸንን አንብቢ። አትሩጪ።

ደብዳቤሽን ሳላስበው ለእናትሽ ጮክ ብዬ ነበር የማነብላት። ስለ አጥንቱ ስደርስ ወረቀቱን አጠፍኩት። እሷ አላለቀሰችም። «ያማታል ወይ ብለህ ጠይቀሃታል?» አለችኝ። «ድንጋዩን የተሸከምከው ለእሷ ነው ወይስ ለማኅበርተኛው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ታቀርብልኛለች እንጂ አታጫውተኝም። እውነቷን ነው፤ ይበለኝ።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ስመኘው ለጥምቀት ወደ እናቱ እንደሚመጣ ስንሰማ የእኛው ልጅ ነው፣ ሽማግሌ ያከብራል አልን። እኛ የምናውቀው ሰው ሲቀየምሽ ጥፋትም ባይኖርሽ አጥፍቻለሁ ብለሽ ዕርቅ ማውረድን ነው። እሱ ይቅር ይላል፣ ነገሩ እዚያው ጓሮ ላይ ይቀበራል። እሱ ግን ስልኩን በእጁ ይዞ ነበር። ሰው ሊደውል ነው ብዬ እኮ ነው! ድምፃችንን እየቀዳ መሆኑን ያወቅሁት እንዳንቺው በሬዲዮ ስሰማው ነው። «ታዲያ በመጋቢቱ ትሮጣለች?» ሲል መሪጌታ ቀድመው «ትሮጣለች» አሉ። እኔም ተከተልኩ። ደህና ነኝ ብላለች፤ ለምን አትሮጥም ብዬ።

ያይኔ፣ በሬዬ ሲያነክስ አይቼ ቀንበር አልጭንበትም። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አላርስበትም። በአንቺ ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ። ሬዲዮ ሲናገር እርግጠኛ ነው፤ አንቺ ስትጽፊ ደግሞ ትንሽ ነው እያልሽ ታሳንሺዋለሽ። እርግጠኛውን አመንኩ።

ቃሉን ለማንሣት መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ነበር። «በእመቤታችን ስም የተሰጠ ቃል እንዴት ይነሣል? ትሩጥ፣ እሷ ትጠብቃታለች» አሉኝ። ብለምን ብሠራ እንቢ አሉ። ቃል በማጠፌ ኃጢአት ካለ በእኔ ይሁን። አንቺ አትሩጪ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እማዬ እንድታናግርዎ እኔ ለምኛታለሁ በሏት። እርስዎ ላይ ስትጨክን እኔንም ይጨንቀኛል።

አትሩጪ ያሉኝን አንብቤዋለሁ፤ ደጋግሜ። እስኪ የሆነውን ይስሙኝ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስመኘው ያመሰግነኛል። «የጎጃም ጨዋ ደም! ይቅርታ ጠይቃ የምትመለስ ጀግና!» ይላል። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ሆንኩ፤ አይገርምም? ይሰድቡኝ የነበሩት ልጆች አሁን ከግቢው በር ላይ ቆመው ስሜን ይጠራሉ። ስድቡ ሲመጣ ቢያንስ ራሴን ይዤ መቀመጥ እችል ነበር። ሙገሳው ግን እጄን ይዞ ወደ መነሻው መስመር ይጎትተኛል።

አሠልጣኙ አላስገደደኝም። «እኔ አሳርፊው ነው የምለው፤ አንቺ ከወሰንሽ ግን ስምሽን አስገባለሁ» አለኝ። ወሰንኩ፣ አስገባው። ባለፈው ሳምንት ቀስ ብዬ ሞከርኩት። ሜዳውን ሳልዞር ዓባይነሽ ሮጣ መጥታ ከፊቴ ቆመች። «ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?» አለችኝ። ተጣላን። ማታ ግን በረዶ አምጥታ እግሬ ላይ አሰረችልኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርዎ። ራሴንም መጠራጠር ጀምሬያለሁ። ሰው ደጋግሞ አላመማትም ሲል፣ እውነት አላመመኝም ይሆን እላለሁ። ሐኪሟ መስመሯን አሳይታኛለች፤ ግን ልቤ ቢሆንስ? ሰነፍ ሆኜ ቢሆንስ? እግሬን በእጄ እየጫንኩ ህመሙ መኖሩን የማጣራበት ጊዜ አለ። ስመኘው የወሰደብኝ ይኸንን ነው፤ ስሜን ሳይሆን።

አባባ፣ አይቀየሙኝ። አትሩጪ ያሉኝ በወረቀት ነው፤ እኔና እርስዎ ብቻ ነን የምናውቀው። ትሮጣለች ያሉት ግን አገር እየሰማ ነው። እኔ ብቀር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ማን ሰላም ይልዎታል? ገበያ ላይ እማዬን ምን ይሏታል? ስለዚህ እሮጣለሁ። መጋቢት ሲገባ ነው። ይጸልዩልኝ።

ልጅዎ ያይኔአበባ


ቡሬ ዙሪያ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በወረቀት ነው ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እውነትሽን ነው፤ አልከራከርሽም።

ይኸንን ደረሰ ሳያድር እንዲያደርስልሽ አስምዬዋለሁ። ቅዳሜ ሬዲዮ ስሚ። ካልሰማሽም ዓባይነሽ ትስማልሽ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ብጽፈው ድፍረቴ ወረቀቱ ላይ ያልቅብኛል።

አባትሽ አስናቀው


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ አስናቀው፤

የተናገሩትን እርስዎ ያውቁታል። ከዚህ በኩል ምን ይመስል እንደነበር ግን አላዩምና ልጻፍልዎ።

አድማጮች የሚደውሉበት ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ አንዱ ስለ እንግሊዝ ኳስ ብዙ አወራ። ዓባይነሽ «ምናባቱ፣ አይጨርስም!» እያለች ጥፍሯን ትበላ ነበር። ከዚያ ስመኘው «ከፍኖተ ሰላም አቶ አስናቀው መስመር ላይ ናቸው። እንኳን ደህና መጡ አባት!» አለ፤ ደስ ብሎታል፣ ሊያመሰግኑት የደወሉ መስሎታል። ስልክ ፍለጋ ፍኖተ ሰላም ድረስ መሄድዎን ያኔ አወቅሁ። እርስዎ ሰላምታውን ሳይመልሱ ጀመሩ። በሕይወቴ ሰላምታ ሳይመልሱ ሲቀሩ ሰምቼዎት አላውቅም።

«ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ልጄ አልሰጠችም። ሳልጠይቃት ነው የሰጠሁት። አጥንቷ ተሰንጥቋል። አትሮጥም። ቃል አጣፊ የሚባል ሰው ካለ እኔ አስናቀው ነኝ፤ ስሜን ጻፈው፣ ከፈለግህም ቅዳው።» ምግብ የሚያወጡልን ሴትዮ ጭልፋቸውን ይዘው ቀሩ። አሠልጣኙ ተነሥቶ ሬዲዮኑ አጠገብ ሄዶ ቆመ። ስመኘው «አባት፣ አባት፣ ሰዓታችን...» ሲል እርስዎ አልሰሙትም። «ያይኔ፣ ትሰሚኛለሽ? ያምሻል ወይ ልጄ?» አሉ። እዚያ ላይ ተቆረጠና ዘፈን ገባ።

ማንም አልበላም። አሠልጣኙ ወደ እኔ ዞሮ «ስምሽን አውጥቼዋለሁ» አለኝ። አልተከራከርኩም። ዘፈኑ ሲያልቅ ስመኘው «እንግዲህ ቤተሰቡም አልተስማማም ማለት ነው» ብሎ ሳቀና ወደ ኳሱ ተመለሰ። ስለዚህ አሸነፍነው ብዬ አልዋሽዎትም። በዚህ ሳምንትም ብዙ ተብያለሁ፤ ዓባይነሽ ስልኬን አሁንም አልሰጠችኝም። እሱ ያለው ግን ድሮ እንደሚገባው ወደ ውስጤ አልገባም። እግሬን መጫኑንም ትቼዋለሁ።

ደረሰ ሁሉንም ነግሮኛል። አይቆጡት፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት። መሪጌታ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላም ሳይሉዎት እንዳለፉ፣ የማኅበሩ ተራ የእርስዎ ሆኖ ሳለ እንደዘለሉዎት ነግሮኛል። እማዬ ግን ለማኅበሩ የጠመቀችውን ጠላ ለመንገደኛ ሁሉ ስትቀዳ ዋለች አሉ፤ ከእርስዎም ጋር ስትስቅ ታየች አሉ። በዚህኛው ሳቅሁ። በመሪጌታው ግን አለቀስኩ። ለእኔ ሲሉ ያጡትን አውቀዋለሁ አባባ። በሩጫ አይከፈልም፤ የትኛውም ሜዳልያ አይመልሰውም።

በሬዲዮ የጠየቁኝን አሁን ልመልስልዎ፤ ዘፈኑ ባይገባ እዚያው ጮኼ እመልስልዎ ነበር። አዎ አባባ፣ ያመኛል። ስረግጥ ያመኛል፣ ብርድ ሲሆን ያመኛል፣ ደረጃ ስወርድ እንባዬ ይመጣል። ከጥቅምት ጀምሮ ያመኝ ነበር፤ ለእናንተ ደህና ነኝ እያልኩ።

ሐኪሟ ፈቅዳልኛለች፤ ለፋሲካ እመጣለሁ። መናኸሪያው ላይ ሰው ይበዛል፣ ብዙዎቹም ያውቁናል። ቢሆንም አውቶቡሱ በር ድረስ ይምጡና ክንዴን ይዘው ያውርዱኝ። ብቻዬን መውረድ አልችልም።

ልጅዎ ያይኔአበባ